የታከዜው ግዝት

ላሊበላ
ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልሳቤጥ፣ ኩዌት ካለሽበት ይድረስሽ።

ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጉልበቴ ታስሮ ከመቀመጤ በቀር ደህና ነኝ። ሰብሌም ከዚያ ውሃ በሕይወት ወጥታለች፤ ከክንዷ መላላጥ በቀር ምንም አልሆነችም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ደብዳቤ ስትከፍቺ መጀመሪያ የኋላውን ገጽ የምትገልጪ ሰው ስለሆንሽ ነው። ይህን አመልሽን በልጅነትሽ ላስተውሽ ሞክሬ አልሆነልኝም።

በስልክ የላክሽልኝን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። እያለቀስሽ ስለምትናገሪ ግማሹ ቃል አይሰማም፤ ቢሆንም የፈለግሽው ገብቶኛል። «እማዬ፣ እኔ ሩቅ ነኝ፣ አትሰማኝም። በእኔ ፈንታ አንቺ ገዝቺያት። ሁለተኛ ሞተር ላይ እንዳትወጣ በታቦት ገዝቺያት» ብለሻል።

አልገዝታትም።

ለምን እንደማልገዝታት ደግሞ ልነግርሽ ይገባኛል፤ የወለድሻት አንቺ ነሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ሰብሌም ከዚሁ ክፍል አትጠፋም። ለፋሲካ ፈቃድ ወስዳ የመጣችው ጓደኛሽ አለሜ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ኩዌት ትነሳለች፤ ደብዳቤውን በእጇ እሰጣታለሁ። አንብቢው፣ ለሰብሌ ግን ምን እንደሚል አትንገሪያት።

ደግሞ እወቂው፤ ይህን ስጽፍልሽ ሰብሌ ቤት የለችም። ዛሬ ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ወደዚያው ወደ ታከዜ ወርዳለች፣ አሸዋ የቀበረባትን ሞተር ቆፍረው ሊያወጡ። ከወንዙ ራስጌ በኩልመስክ በኩል ያለው ሰማይ ከነጋ ጀምሮ ጠቁሯል። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የምጽፈው።

አንቺ ያየሽው በስልክ የተቀረጸው ፊልም ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። አንዲት ልጅ አሮጊት በጠጉሯ ይዛ ውሃ ውስጥ ስትጎትት ይታያል። ከሥሩ ሰው የጻፈውን አለሜ አንብባልኛለች። «አያቷን ልትገድል ነው እንዴ?» ያለ አለ። «ይህችን አሮጊት ማን እዚያ ወሰዳት?» ያለም አለ። ለሁለተኛው መልስ አለኝ፤ ማንም አልወሰደኝም፣ በገዛ ፈቃዴ ነው የሄድኩት። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሰብሌ እንስሳት እየከተበች በየቀበሌው የምትዞርበት ሞተር የሥራ ብቻ አልሆነም። አራት ሆነው ማኅበር አቁመዋል። በወር አንድ ቅዳሜ በሞተር ይወጣሉ፣ እሑድ ይመለሳሉ። እንደ ጽዋ ማኅበር አድርገው ነው የመሠረቱት፤ ምግብ የሚያዘጋጀው በተራ ነው፣ የቀረ ይቀጣል፣ መሪያቸውንም «ሙሴ» ይሉታል። ሙሴያቸው ደግሞ ከገበያው በታች ሞተር የሚጠግነው ሐምዳን ነው። እስላም ሙሴ አድርጎ የሾመ ማኅበር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ለሰብሌ ይህን ብላት «ከሁላችንም ሰዓት አክባሪው እሱ ነው» አለችኝ። ሦስተኛው ቱሪስት የሚያስጎበኘው ዲያቆን መልአኩ ነው፤ ከሰብሌ ጋር አብረው ዳዊት ተምረዋል። አራተኛው ፊልሙን የቀረጸው ኢያቄም ነው፤ ከእጁ ስልክ አይለይም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ባለው ሐሙስ ሰብሌ መጥታ «ቅዳሜ ታከዜ እንወርዳለን፣ ማዶ ኪዳነ ምሕረት አድረን፣ አስቀድሰን እንመለሳለን» አለችኝ።

«ከሦስት ወንድ ጋር ብቻሽን?»

«እማማ፣ ማኅበርተኞቼ ናቸው።»

«እነማን እንደሆኑ ሳላይ አልፈቅድም።»

ሐምዳን ደጅ ሆኖ የሞተሯን ሰንሰለት ያጠብቅ ነበር። አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ፣ «እትዬ ባንችይርጋ፣ ካላመኑን ለምን አብረውን አይመጡም? ከኋላዬ ሰፊ ቦታ አለ» አለ። መቀለዱ ነበር።

«ስንት ሰዓት ላይ ልዘጋጅ?» አልኩት። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ትራስ አስረው አስቀመጡኝ። ሄልሜቱን ከነጠላዬ በላይ ደፉልኝ፤ መልአኩ ሳቁን ሊደብቅ ዞር ሲል አይቼዋለሁ። ሐምዳን ሞተሩን አስነሥቶ «እትዬ፣ ወገቤን ይያዙ» አለኝ።

«የሰው ወንድ ወገብ አልይዝም።»

«እንግዲያውስ መሬቱ ይይዝዎታል።»

ያዝኩ። ነአኩቶ ለአብን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ደግሞ አጥብቄ ያዝኩ። ነፋሱ ቆላ ቆላ መሽተት ጀመረ፤ ጆሮዬ ተደፈነ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅሽ ከፊታችን ትነዳለች፣ ጥምዝምዙ ላይ ስትደርስ በልኩ ቀዝቀዝ ትላለች፣ ከብት ሲያጋጥማት ትቆማለች። ያስተማራት ሰው ጥሩ አድርጎ አስተምሯታል ብዬ አሰብኩ።

እኛ በወረድንበት ቦታ ታከዜ አንድ ወንዝ አይደለም። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ገባር ወንዞች ያመጡት ደለል ተከምሮበት ውሃው መንገድ እያጣ ይከፋፈላል። አንዱ ጅረት ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ በመካከላቸው እንደ ዓሣ ጀርባ የሚያብለጨልጭ ረጅም አሸዋ አለ። በሚያዝያ ሲታይ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቅዳሜ ስንሻገር ውሃው ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። «ሙሴ፣ በትርህን አንሣልን!» እያለ ኢያቄም ሐምዳንን ይተርበዋል። ሐምዳንም «ለአንተ አልከፍለውም፣ እትዬን ብቻ ነው የማሻግረው» ይለዋል። ሰብሌ ግን ጋዝ ሰጥታ፣ መርገጫው ላይ ቆማ፣ ውሃውን እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ እየረጨች ሰንጥቃው ሄደች። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ አማተብኩ። ቀሚሴ ላይ ጭቃ የረጨችው ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ማዶ ስንደርስ ቆጣ ብዬ «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። የዚያችን «እሺ» ዓይነት አንቺም ታውቂያታለሽ፤ ያንቺው ናት።

እሑድ አስቀድሰን፣ መቅደሱ አጠገብ ካሉ ሰዎች ጋር ምሳ በልተን ተነሣን። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ላስታ ተወልጄ ያረጀሁ ሰው፣ የበልግ ዝናብ ኩልመስክ ላይ ሲጥል ቆላው ፀሐይ ላይ እያለ ውሃው እንደሚደርስ አውቃለሁ። ሐምዳንም ያውቃል። ቅዳሴው ጥዑም ነበር፣ ጨዋታው ሞቅ ብሎ ነበር፣ ወደ ኩልመስክ ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

ሐምዳን እኔን ይዞ ሁለቱንም ጅረት ተሻገረ። መልአኩና ኢያቄም ተከተሉን። ሰብሌ መካከለኛው አሸዋ ላይ ሞተሯ ጠፋባት፤ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ውሃ ነክቶት ነበር። ፈትታ አደረቀችው፣ መልሳ አስነሣችው። ቀጥ ብላ እንደመምጣት ግን አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ መመላለስ ጀመረች። ኢያቄም ስልኩን አውጥቶ «በይ እንደ ትናንቱ! ቆመሽ! ቆመሽ!» ይላታል። ቆመች። ሞተሩ ጮኸ።

ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ያስተማርኩበት ድምፅ ነው። «ሰብሌ!» ብዬ ጮኽኩ። «በኪዳነ ምሕረት ገዝቼሻለሁ! ከቆምሽበት አሸዋ እግርሽን ውሃ እንዳታስነኪ!»

ሐሳቤ ሐምዳን በእግሩ ሄዶ ሞተሩን እየገፋ እንዲያመጣው፣ እርሷም ከኋላ ቀስ ብላ እንድትመጣ ነበር። ግን ያንን አልተናገርኩም፤ የተናገርኩት ግዝቱን ነው።

ሞተሩን አጠፋች። ሄልሜቷን አውልቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታን አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሐምዳን ራሱን እየነቀነቀ «እትዬ፣ ለዚች ውሃ ታቦት ይጠራል?» አለኝ።

«ጫማህን አውልቅና ሄደህ አምጣት» አልኩት።

ጫማውን ለመፍታት ጎንበስ እንዳለ እጁ እዚያው ቀረ። እኔን በመጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፣ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ ጠርቶ ይፈስ የነበረው ጅረት ቀላ፤ ገለባና አረፋ ይዞ መጣ። ከላይ ማሳ ላይ የነበረች ሴት «ውሃ መጣ! ውጡ! ውሃ መጣ!» እያለች ትጮህ ጀመር።

«ሰብሌ!» አለ ሐምዳን። «ሞተሩን ተዪው! በእግርሽ ሩጪ!»

ተነሣች፣ ሮጠች፣ አሸዋው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ተገዝቻለሁ!» አለች።

ሐምዳን የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ፊቷን ከሩቅ አየሁት። ግማሹ እልህ ነበር፣ አልዋሽሽም። ገዝታኛለችና ትየው ማለቷ ነበር። ግማሹ ግን እልህ አልነበረም።

«ነይ እላለሁ!» አልኳት። «ፈትቼሻለሁ!»

«እርስዎ ነዎት እንዴ የሚፈቱኝ? ካህን ነው አላሉኝም?»

ብያታለሁ። አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ ከጎረቤቴ ከይማርሽ ጋር ተጣልቼ ደጇን እንዳትረግጪ ብዬ ገዝቻት ነበር። ስንታረቅ «እንግዲህ ልሂድ?» አለችኝ። የገዘተ አፍ አይፈታም፣ የሚፈታው ካህን ነው ብዬ፣ የነፍስ አባታችን አባ ሀብተ ሥላሴ በዚያን ጊዜ ያገለግሉ ወደነበረበት ወደ ገነተ ማርያም በእግሯ ይዣት ሄጄ አስፈታኋት። ስትመለስ እግሯ ቆስሎ ነበር። ታቦት የተጠራበት ነገር እንደ ዋዛ አይታይም አልኳት። እንደነገርኳት ይዛዋለች። ሌላ ልጅ ብትሆን ትረሳው ነበር።

ሐምዳን ወደ መልአኩ ዞረ። «አንተ! ፍታት!»

«ዲያቆን ነኝ፤ ሥልጣኑ የለኝም።»

«ማን ያውቅብሃል? እጅህን አንሣና የሆነ ነገር በል!»

«እሷ ታውቃለች» አለ መልአኩ። ያለቅስ ነበር። «ከእሷ ጋር ነው የተማርኩት።»

እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ልክ ነው፣ ዲያቆን አይፈታም» አልኩ። ውሃው እየሞላ፣ ልጄ አሸዋ ላይ ቆማ፣ እኔ ሥርዓት አርም ነበር። ሐምዳን እንዴት እንዳየኝ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። እስካሁንም አክብሮ «እትዬ» ይለኛል፤ ያን ጊዜ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ገመድ ሊያመጣ ሄደ።

አሁን ቆም አልኩ፤ ስጽፍ መስኮቱን ሳላይ ቆይቻለሁ። ደመናው ወደዚህ አልመጣም፣ እዚያው ኩልመስክ ላይ ወርዷል። በዚያ በኩል ዝናብ እየጣለ ነው ማለት ነው። ሰብሌ ጋ ደወልኩ፤ ታች ቆላው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ልቀጥል።

ውሃው ጉልበት ደረሰ፣ ወዲያው ወገብ ደረሰ። ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያስበው ጎርፍ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል ብሎ ነው። እንደዚያ አይደለም፤ እየተገፋ ነው የሚመጣው፣ እንደ በግ መንጋ እየተደራረበ። አሸዋው ከሁለቱም በኩል ይቆረስ ጀመር። ሞተሯ ዘመም አለችና ወደቀች። ሐምዳን የዕቃ ማሰሪያውን ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ገባ፤ መልአኩና ኢያቄም ጫፉን ያዙ። ኢያቄም ስልኩን ድንጋይ ላይ ጥሎት ነበር፤ እንደበራ መቅረቱን ኋላ ነው ያወቅነው። ገመዱ አለቀ። ሐምዳን ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ እጁን ዘረጋ። ጥቂት ነበር የቀረው፤ እርሷ ወደ ውሃው ብትገባ ይደርስባታል።

«ዝለዪ! እይዝሻለሁ! ወላሂ እይዝሻለሁ!»

እጁን አየችው። ከዚያ ወደ ማዶ፣ ወደ ኪዳነ ምሕረት ዞራ አማተበች። እልሁ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። «ከሞትኩ አይቀር ግዝት ሳላፈርስ ልሙት» አለች። በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁት።

ኤልሳቤጥ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ትተሽልኝ ስትሄጂ «እንደ እኔ አሳድጊያት» አላልሽኝም፤ «እንደ ራስሽ አሳድጊያት» ነው ያልሽኝ። አሳድጌያት ነበር።

መነጽሬን አወለቅኩና ለመልአኩ ሰጠሁት። ጫማዬን አወለቅኩ። ነጠላዬን አጥፌ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ከሐምዳን ከፍ ብሎ ወዳለው የወንዙ ዳር ሄድኩ፤ ከዚያ ይበልጥ ይታያል ብዬ ነው። እዚያ ቆሜ ሳለሁ እግሬ ከዳኝና ውሃው ወሰደኝ።

የሆነው ይህ ነው። ለሁሉም የነገርኩት ይህንኑ ነው።

ውሃው እንደጠበቅኩት ቀዝቃዛ አልነበረም። ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ድንጋይ ይንከባለላል። ጉልበቴ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ሐምዳን እጁን ሰደደልኝ፣ ቀሚሴን ነክቶ አመለጥኩት። አንድ ጊዜ ብቅ ስል የሰማሁት ድምፅ የሰብሌ ነበር። «እማማ! ተመለሺ! አንቺ! ተመለሺ!»

ማሳደግ ከጀመርኩ ወዲህ አንቺ ብላኝ አታውቅም። አላረምኳትም።

አሸዋው ጫፍ ላይ ሮጣ ቀድማኝ ገባች። በጠጉሬ ያዘችኝ፤ በጠጉሬ የያዘችኝ ሌላ የሚያዝ ነገር ስላልነበረ ነው፣ ይህን ለጻፉት ሰዎች ንገሪልኝ። ሁለታችንንም ውሃው ወደ ሐምዳን አመጣን፤ ክንዷን ያዘ፣ እነ መልአኩ ጎተቱ። ወዲህ ዳር ስንወጣ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። አሸዋው ነበረ የሚባልበት ቦታ አልታየኝም። መነጽር ስላላደረግኩ መልአኩን ጠየቅኩት። «የለም እትዬ» አለኝ፣ «ምንም የለም።»

ሐምዳን በአፉም በአፍንጫውም ውሃ እየወጣው ይሳደባል፤ ማንን እንደሚሳደብ አላወቅንም፣ ምናልባት ወንዙን። ሰብሌ እላዬ ላይ ተደፍታ ነበር። አልሞትንም አላለችም። «አፈረስኩ» አለች። «እማማ፣ አፈረስኩ።» ቤት እስክንደርስ ድረስ ያለቀሰችው ለዚያ ነው።

ማክሰኞ አባ ሀብተ ሥላሴን ቤት አስጠራሁ። ሰብሌ ተንበርክካ «ግዝት አፍርሻለሁ» አለች። አባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነገሯት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ ባንችይርጋ፣ እርስዎ ወድቀው ነው ውሃ የወሰደዎት?»

«እግሬ ከዳኝ፣ አባ።»

መልአኩ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ወለሉን ያይ ነበር። መልአኩ በዲቁናው አይዋሽም፤ ደግነቱ ማንም አልጠየቀውም።

«እንግዲያው ሰው ሲሰጥም አይተሽ ነው የገባሽ» አሏት አባ። «ለነፍስ መድረስ ማፍረስ አይደለም። ጊዜውም በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾምም ስግደትም አላዝም።» እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ፈቷት። ሰብሌ እንደዚያ ስትተነፍስ ከሕፃንነቷ ወዲህ አላየኋትም።

አባ ሊሄዱ ሲነሡ በር ላይ ቆመው «እርስዎስ እትዬ? የሚፈታ ነገር የለዎትም?» አሉኝ።

«ጉልበቴን ያመኛል» አልኳቸው።

«ጉልበትስ ይድናል» አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥተው ሄደዋል። ቁጭ ይላሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ይጠብቁኛል። አልተናገርኩም። ብናገር፣ ሰብሌ የተፈታችበት ነገር ምን ይሆናል? ይህን የሚያህል ነገር ተሸክሜ መቆየት እችላለሁ። ጉልበቴ ነው የታሰረው እንጂ ትከሻዬ ደህና ነው።

ሰብሌም አንድ ጊዜ ጠይቃኛለች። ጠጉሬን እያጠበችልኝ ነበር፤ አሸዋው አልወጣ ብሏት። «እማማ፣ እውነት እግርዎ ነው የከዳዎት?»

«አባ ከፈቱሽ በኋላ ምን ያስጠይቅሻል?» አልኳት።

እጇ ጠጉሬ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ውሃውን አፈሰሰችልኝ።

አሁን ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገርሽ፤ የጠየቅሽኝ ስለ እርሱ ነውና። ሰብሌ ሄልሜቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሐምዳን ውጭ ሞተሩን አስነሥቶ፣ አካፋ አስሮ ይጠብቃታል። ያንቺን ድምፅ የሰማሁት ሐሙስ ነው፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ብናገረው ትቀራለች። ከአሁን በኋላ ደግሞ ይበልጥ ትቀራለች፤ ውሃ አይታለች። ዕድሜዋን ሙሉ አንድም ሞተር አትነካም፣ አንቺም እኔም እንተኛለን።

አፌን ስከፍት ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው።

እንደዚያ ሆና ሳያት ቃሉ ጠፋብኝ። «ሰብሌ» አልኳት፣ «እባክሽ ሰማዩን እያየሽ። ውሃው ከቀላ ሞተሩን ተዪው። እባክሽ።»

ዓይኗን ገለጠች። «እሺ እማማ» አለች። አልሄደችም፤ የቀረውን ትጠብቅ ነበር። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችና ወጣች። የሞተሩ ድምፅ ከነአኩቶ ለአብ መታጠፊያ በታች እስኪጠፋ ሰማሁት።

ልጄ፣ መገዘት ቀላል ነገር ነበር። ገዝቼ እተኛ ነበር፤ የቀረውን ታቦቱ ይጠብቅልኝ ነበር። ሰው ለምኖ መቀመጥ ግን ለካ እንዲህ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ወንበር ተነሥቼ ስንት ጊዜ ደጅ እንደወጣሁ፣ በታሰረ ጉልበት፣ ብታይኝ ትስቂብኝ ነበር። ደመናውን አያለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ መስመር እጽፋለሁ፣ እነሣለሁ። ይህ ጽሕፈት የእኔ የማይመስለው ለዚያ ነው።

አለሜ ደጅ ሆና ትጠራኛለች፤ መኪናዋ ቆሟል። ከታች ከመንገዱ ደግሞ የሞተር ድምፅ ይሰማኛል። የሰብሌ ይሁን የሌላ ሰው፣ ወጥቼ ሳላይ አልጽፍልሽም፤ ወጥቼ እስካይ ደግሞ አለሜ አትጠብቀኝም። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺ መጨረሻውን በስልክ ሰምተሽዋል። እኔ አሁን አላውቀውም። ደውለሽ ስታነሣልሽ አትቆጪያት፣ አትገዝቺያት። ምን እንደምትፈሪ ንገሪያት። ለምኚያት። ከዚያ እንደ እኔ ተቀመጪ።

ከሰው ደጅ አውጥቶ የገዛ ደጅሽን ያስከፍትሽ። እጅሽን ከድካም፣ ልብሽን ከብቸኝነት ይጠብቅልሽ። ሁለታችሁን አንድ ቤት አስቀምጦ እኔን በዓይኔ ያሳየኝ።

እናትሽ
ባንችይርጋ